ጌሙን የሚያከብደው ተጋጣሚው ነው፦ "ጀማሪ ጌም አበላሸ" ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

"ጀማሪ ጌም አበላሸ" የሚለው ጽሑፍ ሰሞኑን ጌም በሚወዱ ሰዎች መሃል ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። አንዳንዶቹ "እውነቱን ተናገረው!" ብለው፣ ሌሎቹ "እስቲ አንተ ምን ትላለህ?" ብለው ነው የላኩት። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ጸሐፊው ጌም ከልባቸው እንደሚወዱ ከመጀመሪያው አንቀጽ ያስታውቃል። የተቆጡትም ስለሚወዱት ነገር ነው፤ ይህን አከብራለሁ። ዋናው መደምደሚያቸው ግን ትክክል አይመስለኝም። ብዙ ሰው አምኖ እየተቀበለው ስለሆነም ዝም ማለት አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በኢንተርኔት ሰው ከሰው የሚፋለምባቸው ከባድ ጌሞች ክብራቸው ክብደታቸው ነው ይላሉ። ኩባንያዎች ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚጫወተውን ሰው ለመሳብ ሲሉ ጌሞቹን እያቀለሉ ነው። በዚህ ምክንያት ክህሎት ዋጋ አጥቷል። ፎርትናይት ግንባታን በማስቀረቱ የራሱን ልብ አውጥቶ ጥሏል። ስትሪት ፋይተር 6 ያስገባው ቀላል አጨዋወት ሌሎች ለዓመታት የለፉበትን በነጻ አድሏል። ችሎታ እያየ የሚያጋጥም ሲስተም ጎበዙን ይቀጣል፤ ቦት፣ ማለትም ሰው መስሎ የሚጫወት ኮምፒውተር፣ ደግሞ ጀማሪውን ይዋሻል። በመጨረሻም ጀማሪ ቢመጣም አይቆይም፣ ስለዚህ ጌሙ ለታማኞቹ ይሠራ ይላሉ። በመሃል ስለ ስድብ የጻፉት አንድ አንቀጽ አለ፤ እሱንም አላልፈውም።

የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ጌም ሲቀል ክህሎት ይሞታል"

ሰው ብቻውን በሚጫወተው ጌም ላይ ይህ አባባል በከፊል ያስኬዳል። ጭራቁን ደካማ ካደረጉት፣ በቃ ጭራቁ ደካማ ነው። ሰው ከሰው በሚፋለምበት ጌም ግን ለእኔ የቀለለኝ ለተጋጣሚዬም ቀሏል። ከእኔ እጅ ላይ የተነሳው ሥራ ከእሱም እጅ ላይ ተነስቷል። ሁለታችንም የተረፈንን ትኩረት ይዘን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሄዳለን። ምን አስቧል? በየት በኩል ሊመጣብኝ ነው? አሁን ልግፋ ወይስ ልጠብቅ? ክብደቱ ያለው እዚህ ነው። ይህን ክብደት ኩባንያው አልፈጠረውም፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ነው የሚፈጥረው። ስለዚህ ኩባንያው ሊወስደውም አይችልም።

ሠራዊት እየመሩ የሚዋጉበትን ጌም ስታርክራፍትን እንውሰድ። በ1998 በወጣው የመጀመሪያው ጌም በአንድ ጊዜ ከ12 በላይ ወታደር መምረጥ አይቻልም ነበር። ወታደር የሚያወጡትን ሕንጻዎች አንድ በአንድ እየነኩ ማዘዝ የግድ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲወጣም ተጫዋቹ ራሱ ወደ ማዕድኑ ካልላከው እዚያው ቆሞ ይቀራል። በ2010 ስታርክራፍት 2 ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ቀሩ። ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ መምረጥ ተቻለ፣ ሕንጻዎች በቡድን ታዘዙ፣ ሠራተኛው በራሱ ወደ ማዕድን ሄደ። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ብዙ የድሮ ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ። ያኔ ያሉት ነገር ዛሬ ጸሐፊው ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ በጎበዙና በተራው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሊጠፋ ነው አሉ።

ልዩነቱ ጠፋ ወይ? የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ የሚያዘጋጀውን ዓመታዊ የዓለም ፍጻሜ ኮሪያዊ ያልሆነ ተጫዋች እስኪያሸንፍ ድረስ 2018 መድረስ ነበረበት። ያሸነፈውም ፊንላንዳዊው ሴራል ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ዋንጫውን የወሰዱት የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ማንም ተነስቶ የሚያሸንፍበት ጌም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ። በድሮው ስታርክራፍት ውስጥ የእጅ ፍጥነት ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። ያ ጥበብ በአዲሱ ጌም ውስጥ ቦታው ጠቧል። እሱን የሚወዱ ሰዎች የሆነ ነገር አጥተዋል፤ ምንም አላጣችሁም ማለት ነውር ነው። ግን የድሮው ጌም አልተሰረዘም። በ2017 እንደገና ታድሶ ወጥቷል፤ ኮሪያ ውስጥም ውድድሩ ቀጥሏል። የድሮውን የፈለገ የድሮውን፣ አዲሱን የፈለገ አዲሱን ያገኛል።

"ፎርትናይት ልቡን አወጣ"

የጽሑፉ ረጅሙ ክፍል ይህ ነው፤ እኔም ብዙ የምለው እዚሁ ላይ ነው።

ለማያውቁ ሰዎች ባጭሩ ላስረዳ። ፎርትናይት በ2017 በመቶ ሰው የሚደረገውን የመጨረሻው ቀሪ ያሸንፋል ጨዋታ ይዞ ሲመጣ ከሌሎቹ የለየው ግንባታ ነበር። እንጨት፣ ድንጋይና ብረት ሰብስቦ ግድግዳ ማቆም፣ ደረጃ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ሰው ጥይት ሲመጣበት አንድ ግድግዳ ያቆም ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የለመዱት ልጆች በሰከንዶች ውስጥ ፎቅ ይሠራሉ፣ የተጋጣሚያቸውን ግድግዳ ይነጥቃሉ፣ በዚያው ቅጽበት መስኮት ከፍተው ተኩሰው መልሰው ይዘጋሉ። በ2019 ኒው ዮርክ በተደረገው የፎርትናይት የዓለም ዋንጫ 30 ሚሊዮን ዶላር ተከፋፍሏል። የ16 ዓመቱ ቡጋ በግል ፍልሚያው 3 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ያ ልጅ የሠራውን ያየ ሰው ማድነቅ እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም።

ጥያቄው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ምን ያጋጥመዋል? አንድ ጥይት ይተኩሳል። ፊት ለፊቱ ፎቅ ይቆማል። ከዚያ ከላይ ተመቶ ይወጣል። እንዴት እንደተሸነፈ እንኳ ስላላየ፣ ከሽንፈቱ የሚማረው ነገር አይኖርም። ለእኔ የመጥፎ ክብደት ምልክቱ ይህ ነው። ጥሩ ክብደት ያለው ጌም ሰውን ሲያሸንፈው ስህተቱን ያሳየዋል።

የፎርትናይት ሠሪ ኤፒክ ይህን ችግር ለመፍታት መጀመሪያ የሞከረው መንገድ መጥፎ ነበር፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። በታኅሣሥ 2018 ያገኘውን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያደርግ ሰይፍ አስገቡ፤ በቀናት ውስጥ ለማውጣት ተገደዱ። በነሐሴ 2019 ደግሞ ሁለት ሰው የሚነዳው፣ ሮኬት የሚያዘንብ ትልቅ ሮቦት አመጡ። ሁሉም ሰው የማሸነፍ ዕድል እንዲኖረው ነው ብለውም ተከራከሩለት። ተጫዋቹ በጣም ተቆጣ፤ መቆጣቱም ልክ ነበር። ጸሐፊው እነዚህን አንስተው "ጀማሪን መጋበዝ ማለት ይህ ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ እነዚህ ጀማሪን መጋበዝ ሳይሆኑ ዕጣ ማውጣት ናቸው እላለሁ። መልስ የሌለው መሣሪያ ካርታው ላይ ተጥሏል፤ የደረሰበት ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርስበትም ያው ጎበዙ ነው።

በ2008 የወጣው የፍልሚያ ጌም ሱፐር ስማሽ ብሮስ ብሮል ላይም ተመሳሳይ ስህተት ተሠርቷል። ሲሮጥ የነበረ ገጸ ባሕርይ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ተደናቅፎ ይወድቃል። ይህ ለጀማሪው ምን ጠቀመው? እሱም እኮ ይወድቃል። በ2014 የወጣው ተከታዩ ጌም መደናቀፉን አውጥቶ ጣለው፤ ማንም አልናፈቀውም።

ዜሮ ቢልድ የሚባለው ያለ ግንባታ የሚደረግ ጨዋታ ግን ከእነዚህ ጋር በአንድ ከረጢት መታሰር የለበትም። መጋቢት 20 ቀን 2022 ኤፒክ ግንባታን ከዋናው ጨዋታ አወጣ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መጋቢት 29፣ ግንባታው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ያለ ግንባታ የሚደረገው ደግሞ ጎን ለጎን ቋሚ ሆነ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሰው ሁለተኛውን ትተውታል። ይህን መተው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክርክራቸው በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነውና። ልቡ አልወጣም። መገንባት የሚወድ ዛሬም ይገነባል። በ2023 ደረጃ ያለው ፉክክር ሲገባም ለሁለቱም ነው የገባው።

ደግሞስ ያለ ግንባታ የሚደረገው ጨዋታ በእርግጥ ቀላል ነው? ግድግዳ ማቆም ለማይችል ሰው እያንዳንዱ ሜዳ አደጋ ነው። ከዛፍ ወደ ድንጋይ መቼ እንደሚሮጥ ማወቅ አለበት። እየጠበበ የሚሄደው የመጫወቻው ክብ ወደየት እንደሚጠብ ቀድሞ አስቦ ጥሩ ቦታ መያዝ አለበት። ኤፒክ ለማካካስ ራሱን የሚሞላ ተጨማሪ መከላከያ ሰጥቷል፤ ግን ለሁሉም ነው የሰጠው። ውድድሩ ከጣት ወደ ዓይንና ወደ ቦታ አመራረጥ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

አንድ እውነተኛ ጉዳት ግን ደርሷል፤ ጸሐፊውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርገውታል። ለመዝናናት የሚጫወተው ሰው ወደ ዜሮ ቢልድ ሲሄድ፣ በግንባታው በኩል የቀሩት በአብዛኛው የሠለጠኑት ሆኑ። እዚያ መካከለኛ የነበረ ልጅ ድንገት ከሁሉ በታች ሆነ። ይህ ያማል። ነገር ግን እነዚያ የሄዱት ሰዎች እዚያ ሲቆዩ ዒላማ ከመሆን ያለፈ ድርሻ አልነበራቸውም። ሌላ ምርጫ ባገኙ ቀን መሄዳቸው ደስተኛ እንዳልነበሩ ያሳያል። ሌላው ሰው እንዲዝናና ብለው ይቆዩ ማለት የሚቻል አይመስለኝም።

"የለፋንበትን በነጻ ሰጡት"

የፍልሚያ ጌሙ የስትሪት ፋይተር ወዳጆች ሃዱከን የሚባለውን ልዩ ምት ለመወርወር ጆይስቲኩን ከታች ወደ ፊት አዙሮ ቡጢ መጫንን ሲለማመዱ ኖረዋል። ሰኔ 2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ሞደርን የሚባል ምርጫ ይዞ መጣ፤ በአንድ በተን ያንኑ መወርወር ይቻላል። ጸሐፊው "ላቤን ወስደው ለመንገደኛ ሰጡት" ብለው ጽፈዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ለብዙ ጊዜ የለፉበት ነገር በአንድ በተን ሲመጣ ማየት ያስቆጫል።

ግን ጸሐፊው ዋጋውን አልነገሩንም። በአንድ በተን የሚወጣው ልዩ ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል። ሞደርንን የመረጠ ሰው ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን አጨዋወት የያዘ ሰው ከሚያገኛቸው መደበኛ ምቶች የተወሰኑትን ያጣል። ስለዚህ በነጻ አልተሰጠም፤ ተሽጧል። ሁለቱም ምርጫ የራሱ ሒሳብ አለው።

የውድድሩ መድረክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ኢቮ በሚባለው ትልቅ የፍልሚያ ጌሞች ውድድር ላይ በ2023 በስትሪት ፋይተር 6 ከ7,000 በላይ ሰው ተመዝግቧል። ያንን ሁሉ ሕዝብ አልፎ ያሸነፈው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶቹ አንግሪበርድ ነው፤ በክላሲክ። በ2024 ያሸነፈው አሜሪካዊው ፐንክም በክላሲክ ነው። ሞደርን ዙፋኑን የሚያስረክብ ስጦታ ቢሆን ኖሮ፣ ለገንዘብና ለስም የሚጫወቱት ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ወደ እሱ በገቡ ነበር።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን ላነሳላቸው የምፈልገው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ። ተጋጣሚ ዘሎ ሲመጣ በአንድ በተን መልስ መስጠት ጆይስቲኩን ከማዞር ይፈጥናል። ያ ቅጽበት በትልቅ ፉክክር ላይ እውነተኛ ጥቅም ነው። ይህ ግን በቁጥር የሚስተካከል ነገር ነው፤ ጉዳቱን ትንሽ ይቀንሱት ወይም ምቱን ትንሽ ያዘግዩት። የተኩስ ጌሙ ኤፔክስ ሌጀንድስም በጆይስቲክ ለሚጫወቱ የሚሰጠው የዒላማ እርዳታ በዛ የሚል ቅሬታ ሲበረታ በ2024 ከኮምፒውተር ተጫዋቾች ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቀንሶታል። እርዳታው ሲበዛ ይቀነሳል እንጂ በሩ አይዘጋም።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ራሳችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች እንመለስ። ፊፋ ላይ ኳስ ስናቀብል ኳሱን ወደ ጓደኛችን እግር የሚመራው በአብዛኛው ማን ነው? ጌሙ ነው። በሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እርዳታውን በሙሉ አጥፍቶ በማኑዋል መጫወት ይቻላል። ስንት ሰው ያደርገዋል? የሰፈሩ ንጉሥ የሚባለው ልጅም እርዳታው በርቶለት ነው የሚጫወተው። ያም ሆኖ ከእሱ ጋር ተቀምጦ የተጫወተ ሰው ኳሱን ማን እንዳቀበለ ይዞ አይከራከርም። የተሸነፈው መቼና ለማን እንደሚቀበል በማወቁ እንደሆነ ያውቃል። ጸሐፊው በስትሪት ፋይተር ላይ የሚቃወሙትን ነገር እኛ በፊፋ ላይ ለዓመታት ተቀብለን ኖረናል፤ ጎበዝና ደካማ ግን ዛሬም በደንብ ይለያል።

"ሲስተሙ ጎበዙን ይቀጣል"

እዚህ ላይ የጽሑፉ ሁለት ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። መጀመሪያ ላይ የጌም ክብሩ ክብደቱ ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ ጎበዝ ተጫዋች ሁልጊዜ ከእኩያው ጋር መጋጠሙ ቅጣት ነው አሉ። ክብደት የሚወድ ሰው እኩያውን ሲያገኝ ሊደሰት ይገባ ነበር። እዚህ የተፈለገው ክብደት ሳይሆን ደካማ ተጋጣሚ ነው። አልፎ አልፎ ዘና ብሎ ማሸነፍ መፈለግ ሰው የመሆን ነገር ነው፤ አልኮንነውም። ግን የሚከፈለው ከሌላ ሰው ምሽት ላይ ተነስቶ ነው።

አክቲቪዥን በ2024 ስለ ተኩስ ጌሙ ስለ ኮል ኦፍ ዱቲ ባወጣው ሰነድ አንድ ሙከራ ገልጿል። ለተወሰኑ ተጫዋቾች ሳይነገራቸው ችሎታን የማየቱን ነገር አላላው። ከላይኛዎቹ 10 በመቶ በስተቀር፣ 90 በመቶ የሚሆኑት ተጫዋቾች ወደ ጌሙ መመለሳቸው ቀነሰ። ግጥሚያ አቋርጦ የሚወጣውም በዛ። ላይኛዎቹ ብቻ ነበሩ ይበልጥ የተመለሱት። ቀጥሎ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ከታች ያሉት ሲወጡ መካከለኛ የነበሩት ታች ይሆናሉ፤ እነሱም ይወጣሉ። ዛሬ ደስ ያላቸው ሰዎች ነገ እርስ በርሳቸው ይቀራሉ።

ሰነዱን ያወጣው ጌሙን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ መሆኑን አልሸሽግም። በ2025 የወጣው አዲሱ ኮል ኦፍ ዱቲ፣ ብላክ ኦፕስ 7ም፣ ችሎታን ብዙም የማያይ አጋጣጠምን መደበኛ አድርጎ መምጣቱ የጸሐፊውን ወገን የሚያስደስት ነው። ሰው ወዶ የሚመርጠው እስከሆነ ድረስ እኔም አልቃወመውም። ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ከችሎታ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው ላይ ነው። ሲስተሙ እኩያ ፍለጋ ብሎ ወደ ሩቅ ሰርቨር ከወረወረው ፒንጉ፣ ማለትም የግንኙነቱ መዘግየት፣ ጨዋታውን ይገድለዋል። መጀመሪያ ግንኙነት፣ ከዚያ ችሎታ ቢባል ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

በቦት ጉዳይም እስማማለሁ። ፐብጂ ሞባይል የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች ሲያሸንፍ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። የገደላቸው ብዙዎቹ የሰው ስም የያዙ ቦቶች እንደሆኑ የሚነግረው የለም። ደረጃው ከፍ ሲል እውነተኛ ሰው ይመጣና ይደቁሰዋል። ይህ ማታለል ነው፤ ሰውን ማክበር አይደለም። መፍትሔው ግን ቦትን መሰረዝ ሳይሆን ቦት ነው ብሎ መናገር ነው። አምስት ለአምስት በሚደረገው ጌም በዶታ 2 ላይ ከቦት ጋር መለማመድ የፈለገ አውቆ ይገባል፤ ያሸነፈውም ቦት እንደሆነ ያውቃል። ማንም አልተዋሸም።

"ስድቡን የማይችል አይግባ"

ይህ አንቀጽ አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ስድብ ሰውን ያጠነክራል፣ የከባድ ጌም ባሕል አካል ነው ይላሉ። ከስድብ የተነሳ ጎበዝ የሆነ ሰው አላውቅም። በስድብ ምክንያት የድምፅ ማውሪያውን አጥፍቶ ብቻውን የሚጫወት ሰው ግን ብዙ አውቃለሁ። ሴት ተጫዋቾች ደግሞ ድምፃቸው ከተሰማ በኋላ የሚደርስባቸውን ጸሐፊው አንድ ምሽት አብረው ቢሰሙ ያንን አንቀጽ የሚጽፉት አይመስለኝም።

ብዙው ጠብ የሚመጣው ደግሞ ከጌሙ አሠራር ነው። ዶታ 2 ላይ ዕቃ የሚያመላልሰው እንስሳ በፊት ለአምስቱም ተጫዋች አንድ ነበር። ማን ይላከው፣ ማን አስገደለው እየተባለ ስንት ቡድን ተበጣብጧል። በኅዳር 2019 ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ተሰጠው። ያ ጠብ በዚያው ቀረ። ዶታ ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆነ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ኤፔክስ ሌጀንድስ በየካቲት 2019 ሲወጣ ያመጣው ፒንግ የሚባል ምልክት መስጫም (ከግንኙነት መዘግየቱ ፒንግ የተለየ ነው) እንደዚሁ ነው። አንድ በተን በመጫን ጠላት እዚህ አለ፣ ይህን መሣሪያ ውሰድ፣ ወደዚያ እንሂድ ማለት ይቻላል። ፎርትናይትም ብዙ ሳይቆይ ተመሳሳዩን አስገባ። የኤፔክስ ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2021 ይህን የፈጠራ መብቱን ሌሎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እንግሊዝኛ ለማይቀናው፣ ከሩሲያዊና ከአረብ ጋር ለተመደበ የእኛ አገር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አፉን ሳይከፍት ጥሩ የቡድን አባል መሆን ቻለ። መስማት ለተሳነው ሰውም እንደዚሁ። ላይኛው ደረጃ ላይ ያሉትም ቀኑን ሙሉ ይጠቀሙበታል።

"ጀማሪ አይቆይም፤ ጌሙ ለታማኞቹ ይሠራ"

የመጨረሻው ነጥባቸው ይህ ነው። በከፊል እውነት አለው። ከሚመጡት ጀማሪዎች ብዙዎቹ ይሄዳሉ። ሁሉንም ለማቆየት የሚሞክር ጌምም ቅጥ ያጣል።

ለታማኞቹ ብቻ የተሠራ ጌም ግን አይተናል። ሎውብሬከርስ በነሐሴ 2017 ወጣ። ጊርስ ኦፍ ዋርን በሠራው በክሊፍ ብሌዚንስኪ ስቱዲዮ የተሠራ፣ በተለይ ለጎበዞች ነው ተብሎ የተነገረለት ጌም ነበር። እንቅስቃሴው ግሩም ነበር፤ የተጫወቱት ይመሰክራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሰው አጥቶ ግጥሚያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ስቱዲዮው በግንቦት 2018 ተዘጋ፤ ሰርቨሩ በዚያው ዓመት መስከረም ጠፋ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ኦቨርዋች የሚባለው ተፎካካሪ ጌም ገበያውን ይዞት ነበር፣ ጌሙም በገንዘብ የሚሸጥ ነበር። ሆኖም ጥቂት ጎበዞች ብቻቸውን ጌምን በሕይወት ማቆየት እንደማይችሉ በደንብ ያሳያል።

በጆተኒና በፕሌይስቴሽን ቤት ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። ጎበዙ ልጅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳይከፍል የሚጫወተው ከታች የሚሸነፉ ልጆች ስለሚከፍሉለት ነው። እነሱ ሰልችቷቸው ከቀሩ ቤቱ ይዘጋል፤ ንጉሡም የሚነግሥበት ያጣል። የኢንተርኔት ጌምም ከዚህ አይለይም። በነጻ የሚሰጡት ጌሞች የሚኖሩት ልብስና ጌጥ በሚገዛው ሕዝብ ነው። ግጥሚያው በፍጥነት የሚገኘው በየደረጃው ሰው ስላለ ነው። ጸሐፊው የሚወዱት ላይኛው ፉክክር የቆመው አይቆዩም በሚሏቸው ሰዎች ላይ ነው።

ደግሞ የሚሄዱት ሁሉ ክብደቱን ፈርተው አይደለም የሚሄዱት። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የማየው ሌላ ነው። ልጁ ደረጃ ባለው ግጥሚያ ላይ እያለ መብራት ይጠፋል ወይም ፓኬጁ ያልቃል። ዶታ 2 አምስት ደቂቃ ይጠብቀዋል። ካልተመለሰ አቋርጦ እንደወጣ ተቆጥሮ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ሲደጋገም ደግሞ ከአቋራጮችና ከተሳዳቢዎች ጋር ወደሚያጋጥመው ምድብ ይወርዳል። ተናዶ የወጣውና መብራት የጠፋበት ለሲስተሙ አንድ ናቸው። ይህን ማስተካከል ቀላል ነው አልልም፤ የተቀሩት አራቱ ልጆችም ተበድለዋልና። ግን ቢያንስ አንድ ቀን በድንገት የተቋረጠበትንና በየጊዜው እየተናደደ የሚወጣውን መለየት ይቻላል። ሽንፈት እየመጣ ሲያይ ብቻ የሚጠፋ ሰው ታሪኩ ይናገራል። በዚህ ላይ የሚደረግ ለውጥ የማንንም ክህሎት አይነካም፤ የማንንም ላብ ለመንገደኛ አይሰጥም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ጉዳይ ቢያነሱልን እኔ ከጎናቸው ነኝ።